በመዝገብ ያልሰፈረ ሕማም

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓለም ገናና በሰበታ በኩል ወደ ጅማ የሚያደርሰውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ፣ የወጨጫን ተራራ ግርጌና የሰበታን የፋብሪካ አጥሮች ወደ ኋላ ትቶ፣ በክረምት አዋሽ ሞልቶ ሲተኛበት ሐይቅ የሚመስለውን፣ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ጤፍና ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ የሚበቅልበትን የበቾን መረሬ ሜዳ ሲያገኝ፣ ተፍኪ ደረሰ ማለት ነው። ከዋናው ከተማ ያላት ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ርቀት አስቀድሜ መጥቀሴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በነቀርሳ ደዌ የተያዙ ሰዎች ማስታገሻ አጥተው በጻዕር እንደሚሞቱ ሲነገር፣ የብዙዎቻችን ሐሳብ መኪና ወዳልገባበት ቆላና ሐኪም ወዳልረገጠው ደጋ ይሮጣልና ነው። ነገር ግን ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ በሚቻልበት በዚህ ስፍራም ሌሊቱን ሲያቃስት የሚያነጋ ድውይ ይገኛል፤ ለዚህም ምክንያቱ የመንገድ መራቅ ወይም የመድኃኒቱ መወደድ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነገሩን ከሥሩ አልመረመረውም ለማለት እደፍራለሁ።

በተፍኪ ከአውራ ጎዳናው ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የጭቃ ቤት ውስጥ ያገኘኋቸው እናት ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ቀደም ሲል የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው፣ ከዚያ በኋላ ግን ደዌው ወደ አከርካሪ አጥንታቸው የተሻገረባቸው ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ልጃቸው ለምኖኛል። እንግዳ መግባቱን እንዳዩ፣ ይቅርብዎ እያልናቸው፣ ከተኙበት መደብ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉና የቤተ ሰቤን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ ከፊታቸው ፈገግታ ሳይለይ፣ ቀኝ እጃቸው ግን ጣቶቹ ደም ሸሽቷቸው እስኪነጡ ድረስ የመደቡን ጠርዝ ጨብጦ ነበር። በራስጌያቸው፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ፍሬዎቹ ያለቁበት የትራማዶል እሽግ፣ ጥቂት የፓራሲታሞል ኪኒን፣ አንድ የዲክሎፌናክ መርፌ ብልቃጥና ጸበል የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተደርድረዋል።

«ሐኪሙ ‹እማማ፣ እንዴት ነዎት ዛሬ?› አላት» ሲል ልጃቸው ያለፈውን ቀጠሮ አጫወተኝ፤ «እማዬም ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ ልጄ› አለችው። እሱም ይህንኑ ካርዱ ላይ ጽፎ ለሌላ ጊዜ ቀጠራት።»

እኔም ወደ እናቲቱ ዞሬ፣ ሌሊት ሌሊት የሚያሠቃያቸውን ነገር ለምን ለሐኪሙ እንዳልነገሩት ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ስንቱ ታማሚ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ እኔ ስለ ወገቤ ላወራ ነው? ደግሞስ የሄድኩት ለበሽታው ነው እንጂ ለሕመሙ መቼ ነው?» አሉኝ።

በዚህ መልስ ውስጥ የነገሩ ሥር ይገኛል ብዬ አምናለሁ። በአገራችን ሕማምን ችሎ መዋጥ የጨዋነት ምልክት ሆኖ ሲቆጠር የኖረ ነው፤ ሰላምታችንም ምስጋናን ሳያስቀድም ወደ ሌላ ቃል አይሻገርም። ይህን ባሕርይ አልነቅፈውም፤ ብዙ መከራ ያሻገረን እሱ ነውና። ሐኪሙ ግን ሰላምታውን እንደ ምርመራ መልስ አድርጎ በተቀበለው ጊዜ፣ የእኒህ እናት ዝምታ ከዚያች ክፍል ወጥቶ ረዥም ጉዞ ይጀምራል። ያልተነገረው ሕማም በካርዱ ላይ አይጻፍም፤ ካርድ ላይ ላልተጻፈ ሕማም የመድኃኒት ማዘዣ አይወጣም፤ ማዘዣ ያልወጣለት፣ ሞርፊን የተባለው የጽኑ ሕማም ማስታገሻ ከመጋዘን ንቅንቅ አይልም፤ የሆስፒታሉ መድኃኒት ክፍልም በዓመቱ መጨረሻ የወጣውን ቆጥሮ ጥቂት ሆኖ ሲያገኘው፣ ለሚመጣው ዓመት ያንኑ ጥቂት ይጠይቃል። በዚህ አኳኋን ከየሆስፒታሉ የተሰበሰበው ቁጥር የአገሪቱ ፍላጎት ተብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በተደረገው የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት መሠረት፣ መቀመጫውን በቪየና ወዳደረገው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ ቁጥጥር ቦርድ ይላካል። አገሮች ይህን ዓመታዊ ግምት የሚያዘጋጁባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው፤ ከሕሙማኑ ብዛት ተነሥቶ ማስላትም ይቻላል፤ ነገር ግን ቀላሉና የተለመደው ያለፈውን ፍጆታ መነሻ ማድረግ ነው። እንግዲህ በሐኪሙ ፊት «ደኅና ነኝ» ያሉት እናት ዝምታ ቪየና ድረስ ሄዶ ቁጥር ይሆናል፤ ያ ቁጥር ደግሞ በተራው የመድኃኒት እጥረት ሆኖ ወደ ተፍኪ ይመለሳል።

የዚህ ስሌት ውጤት በዓለም ደረጃ ምን እንደሚመስል፣ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ ገልጦታል። በዓለም በየዓመቱ ከሚከፋፈለው፣ በሞርፊን መጠን ሲሰላ 298.5 ሜትሪክ ቶን ከሚሆነው ከሞርፊን ወገን ማስታገሻ ውስጥ፣ ለድኆች አገሮች ሁሉ በአንድነት የሚደርሳቸው 0.1 ቶን ብቻ ነው። በታዳጊ አገሮች ያለውን ጉድለት በሞርፊን ለመሙላት የሚያስፈልገው ገንዘብ፣ መድኃኒቱ በዓለም ገበያ በሚገኝበት ዝቅተኛ ዋጋ ከተገዛ፣ በዓመት 145 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መሆኑን ያው ጉባኤ አስልቷል፤ ይህም ለመላው ዓለም ሲታሰብ ኢምንት ነው።

ሞርፊን አዲስ ግኝት አይደለም። ጀርመናዊው የመድኃኒት ቀማሚ ፍሪድሪክ ዘርቱርነር ከኦፒየም ለይቶ ያወጣው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መባቻ ሲሆን፣ ፓተንቱን ይዞ ዋጋ የሚያስወድድበት ባለቤት የለውም። ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ፣ እንዳይበላሽ ማቆያ ተጨምሮበት፣ በጠርሙስ ይታደላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 የካንሰርን ሕማም ስለ ማስታገስ ያወጣው መመሪያ ሦስት ደረጃ ባለው መሰላል ይታወቃል፤ ቀላል ለሆነ ሕማም እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉት፣ ለመካከለኛው እንደ ኮዴይንና ትራማዶል ያሉት፣ ለጽኑው ደግሞ ሞርፊን ይሰጣል። ከመሰላሉ ይልቅ እኔን የሳበኝ ግን አብሮት የተቀመጠው ሥርዐት ነው፤ ይኸውም መድኃኒቱ በተቻለ መጠን በአፍ እንዲሰጥ፣ ሕማሙ እስኪነሣ ሳይጠበቅ በሰዓቱ እንዲሰጥ፣ መጠኑም በእያንዳንዱ ሕመምተኛ ልክ እንዲወሰን የሚያዝዘው ነው።

በሰዓቱ መስጠት የሚለው ትእዛዝ ለእኛ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባውም ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ነግህና ሠለስት፣ ቀትርና ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ብላ የጸሎትን ጊዜ የከፈለችው ምእመኑ መከራ ሲያገኘው ብቻ እንዲጮህ ሳይሆን፣ መከራውን ቀድሞ በጸሎት ተጠብቆ እንዲገኝ ነው፤ የሚጠጣ ሞርፊንም እንዲሁ ነው፤ ኃይሉ 4 ሰዓት ያህል ቆይቶ ስለሚደክም፣ የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛው ካልደረሰ ሕማሙ ተመልሶ ይሠለጥናል፤ ከሠለጠነም በኋላ ለማስታገስ ብዙ መድኃኒትና ብዙ ጭንቀት ይጠይቃል። በእኛ ሰዓት አቈጣጠር ደግሞ ለማስታወስ እጅግ ይቀላል፤ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከቀትር በኋላ 8፣ ምሽት 12፣ ማታ 4 ሰዓት። የማታው መጠን እጥፍ ይደረግና ሕመምተኛው የሌሊቱን 8 ሰዓት በእንቅልፍ ያልፋል።

ወደ ተፍኪዋ እናት ልመለስ። በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ፓሊየቲቭ ኬር የሚባለውን የማስታገሻ ሕክምና የተማረች አንዲት ነርስ ካርዳቸውን ተቀብላ፣ እንዴት ነዎት በማለት ፈንታ፣ የራሷን መዳፍ ጨብጣ አሳየቻቸው። «እማማ፣ ጭብጡ ምንም አያምም ማለት ነው። አምስቱም ጣት ከዚህ የከፋ ሕመም የለም ማለት ነው። የትናንቱ ሌሊት ስንት ነበር? በጣትዎ ያሳዩኝ» አለቻቸው። እናቲቱ ልጃቸውን አዩ፤ ቀጥለውም እጃቸውን ከነጠላቸው አውጥተው አራት ጣት ዘረጉ። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተሰበረ፤ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖረ አራት መሆኑን አያውቅም ነበርና።

ማዘዣው በዚያ ቀን ተጻፈ፤ ነገር ግን ከማዘዣው እስከ ጠርሙሱ ያለው መንገድ አጭር አይደለም። ሞርፊን የሚታዘዘው ለናርኮቲክ መድኃኒቶች በተለየ ማዘዣ ነው፤ የሚቀመጠው በቁልፍ ነው፤ እያንዳንዱ ጠብታ በመዝገብ ይያዛል። ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነው፤ መድኃኒቱ በማይገባ እጅ ቢገባ ጉዳት አለውና። ነገር ግን ያው የ1961ዱ ስምምነት በመግቢያው፣ እነዚህ መድኃኒቶች ሥቃይን ለማስታገስ የማይታለፉ መሆናቸውንና መገኘታቸውም መረጋገጥ እንደሚገባው መስክሯል፤ ስለዚህ መንግሥታት ሁለት ግዴታ አለባቸው፤ አንዱ መከልከል፣ ሁለተኛው ማዳረስ። በተግባር ግን የመጀመሪያውን ያጓደለ ባለሙያ ይጠየቃል፤ ሁለተኛውን ያጓደለውን ማንም አይጠይቀውም። በመዝገቡ ላይ ጥቂት ሚሊ ሊትር የጐደለበት ፋርማሲስት ምርመራ ይጠብቀዋል፤ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ስለ አደንዛዥ ዕፆች የተደነገገውንም ያስባል፤ ያ አንቀጽ በሕጋዊ ማዘዣ የታደለውን መድኃኒት የሚመለከት ባይሆንም፣ ፍርሃት ሕግን አጥርቶ አያነብብም። ሕመምተኛን በባዶ እጁ የመለሰ ፋርማሲስት ግን ማታ በሰላም ይተኛል። ልጁ ማዘዣውን ይዞ ከበር ወደ በር ሲዞር፣ አንደኛው መድኃኒት ቤት ወረቀቱን ተቀብሎ ሳያነብ «የለም» ብሎ መልሶለታል።

በሐኪሞቹም ዘንድ ፍርሃት አለ። ብዙዎቹ በትምህርት ዘመናቸው ስለ ሞርፊን የሰሙት ትንፋሽ እንደሚያቆም ነው፤ ይህም ያለ ልክ ከተሰጠ እውነት ነው፤ ከጥቂት ተጀምሮ፣ ሕማሙ እየታየ ቀስ በቀስ ሲጨመር ግን አደጋው እጅግ ጥቂት መሆኑ ከታወቀ ዘመን አልፎታል። ከቀዶ ጥገና በኋላ የለመዱት ፔቲዲን ለካንሰር ሕማም የማይመች ሆኖ ሳለ፣ ሲደጋገም በሰውነት ውስጥ የሚጠራቀመው ትራፊው መንቀጥቀጥና መንዘፍዘፍ የሚያመጣ ሆኖ ሳለ፣ እጃቸው ወደ እሱ ይቀናል። ትራማዶል ደግሞ ከዓለም አቀፉ ቁጥጥር ውጪ በመሆኑ በቀላሉ ይገኛል፤ ነገር ግን ከተወሰነ መጠን በላይ ሊጨመር አይችልም፤ ሞርፊን በሕማሙ ልክ ሊያድግ ሲችል፣ ትራማዶል ግን ጣራ አለው።

በቤተ ሰቡ ዘንድ ያለው ፍርሃት ሌላ ነው። «ሞርፊን ከተጀመረ አበቃ ማለት ነው ብለውን ነበር» አለኝ ልጁ። ጎረቤቶቹ ይህን ያሉት ከክፋት አይደለም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። መድኃኒቱ እስከ መጨረሻው ሳምንት ሲዘገይ ኖሮ ያን ጊዜ ከተሰጠ፣ ያየው ሁሉ ሞትን ያመጣው ጠርሙሱ ነው ብሎ ይፈርዳል፤ ይህም ፍርድ ቀጣዩን ሕመምተኛ እንዲሁ ያዘገየዋል። ሱስ ይሆንባታል የሚል ሥጋትም ነበረ። ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱ እውነት ነው፤ ስለዚህም በድንገት አይቋረጥም፤ ሕማሙ በሌላ ሕክምና ከቀለለ በጥቂት በጥቂቱ እየተቀነሰ ይቆማል። ስካርን ሽቶ ለመድኃኒት መገዛት ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ ለጽኑ ሕማሙ በልክ የሚወስድ የካንሰር ሕመምተኛ በዚያ መንገድ የሚወድቀው እምብዛም ነው። ይልቅ ነርሷ አጥብቃ ያስጠነቀቀችው ሰው የማይጠረጥረውን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣው ማንጐላጀትና ማቅለሽለሽ ያልፋል፤ የሆድ ድርቀት ግን ሞርፊኑ እስካለ አይለቅምና፣ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ መሰጠት አለበት። ብዙ ሕሙማን ሞርፊንን የሚተዉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለ ሱስ ያን ያህል ሲነገራቸው ስለ ሆዳቸው ግን የነገራቸው አልነበረምና።

ጠርሙሱ ተፍኪ የገባው በኅዳር መጨረሻ፣ በጾመ ነቢያት ነበር። እናቲቱም ጾመኛ ናቸው፤ እስከ 9 ሰዓት ከአፋቸው ምንም አያደርሱም። ይህ ማለት የ12፣ የ4 እና የ8 ሰዓቱ መድኃኒት፣ ከአምስቱ ሦስቱ፣ ሊቀሩ ነው። ልጃቸው ቢለምን፣ ምራታቸው ቢያለቅሱ እሺ አላሉም። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው ተጠርተው መጡ፤ ጸሎት አድርሰው፣ መስቀል አሳልመው ሲያበቁ፣ ፍትሐ ነገሥቱ ድውያንን ከጾም ግዴታ ማውጣቱን ነገሯቸው፤ ጌታ በቀራንዮ ከርቤ የተቀላቀለበትን ወይን አልቀበልም ማለቱ ለቤዛነቱ እንጂ ድውይ ሁሉ ማስታገሻ እንዲያቆም ሥርዐት ለመሥራት አለመሆኑንም በቀስታ አስረዷቸው። መጽሐፈ ሲራክ ባለ መድኃኒትን እንድናከብር፣ ፈዋሹንም ዕፅ ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ራሱ መሆኑን እንድናውቅ እንደሚያስተምር የማያውቅ ካህን የለም፤ ነገር ግን ይህን ትምህርት ከዐውደ ምሕረት አውርዶ ወደ ሕመምተኛ ራስጌ የሚያመጣው ጥቂት ነው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጐን ለጐን ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ በተናገሩ ጊዜ ስንቱ ሰው መድኃኒቱን ሳይፈራ እንደ ወሰደ ስናስብ፣ ስለ ካንሰር ሕማምም አንድ እንዲህ ያለ ቃል ቢወጣ ምን ያህል ሥቃይ እንደሚያስቀር መገመት አያዳግትም። ተፍኪ ላይ ያን ሌሊት ሦስተኛው ወይም አራተኛው መጠን ከተወሰደ በኋላ፣ እናቲቱ እስኪነጋ ተኙ፤ ምራታቸው ትንፋሻቸውን ለማዳመጥ ሁለት ጊዜ ተነሥተው እንደ ነበር ነገሩኝ።

ሕማምን የማስታገሱን ሥራ ሌሎች ሳያስቡት በፊት የጀመሩ ወገኖች አሉን። በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ፣ ሐኪም ቤት ተስፋ ቆርጦ የሸኛቸውን ሕሙማን በአዲስ አበባ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ሲያስታምም ኖሯል። አቶ ወንዱ በቀለ ገና በአራት ዓመቱ በደም ካንሰር በተለያቸው ልጃቸው በማቴዎስ ስም እ.ኤ.አ. በ2004 ያቋቋሙት የካንሰር ሶሳይቲም ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የሚመጡትን ያስጠልላል። የጤና ሚኒስቴርም የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 አውጥቷል። የጨረር ሕክምና ግን ከዚህ ጋር ተያይዞ መነሣት ሲገባው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ወደ አጥንት የተሻገረ ካንሰር የሚያመጣው ሕማም በአንድ ጊዜ ጨረር ብቻ እጅግ ሊቀልል ይችላል፤ ይሁን እንጂ አገራችን እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምና ከጀመረች ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ ሌላ ማዕከል ስላልነበራት፣ ወረፋው ከብዙ ሰው ዕድሜ ይረዝም ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማን የመሳሰሉ ማዕከላት ተከፍተዋል፤ ወረፋው ግን አሁንም አለ፤ እስኪደርስም ድረስ ሕመምተኛው በሞርፊን ካልተያዘ በምን ይያዛል?

መውጫው መንገድ በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ ታይቷል። በኡጋንዳ፣ እንግሊዛዊቷ ሐኪም አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 የመሠረቱት ሆስፒስ ዱቄቱን እዚያው በካምፓላ በጥብጦ ማደል ጀመረ፤ መንግሥቱም ሐኪም በሌለበት መንደር ማዘዣ የሚጽፍ እንደማይገኝ አስተውሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥልጠናውን የፈጸሙ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ፈቀደ። ካምፓላ በሞርፊን ሰካራሞች አልተሞላችም።

ይህን ያነሣሁት የተፍኪው ልጅ ዛሬም ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል የጤፍ ውቂያውን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ፣ በሚኒባስ አዲስ አበባ ይገባልና ነው፤ ከመሄዱ በፊትም መድኃኒቱ መኖሩን በስልክ ይጠይቃል፤ አንዳንዴ ስልኩን የሚያነሣው አያገኝም። በሠፈሩ ጤና ጣቢያ አለ፤ በጤና ጣቢያውም ነርስና ጤና መኮንን አሉ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከቤት ቤት እየዞሩ የነፍሰ ጡሮችን ቀንና የሕፃናትን ክትባት ይመዘግባሉ። በዚያው መዝገብ ላይ አንድ ዓምድ ተጨምሮ፣ አልጋ ለያዘ ሰው ሁሉ ሕማሙ በአምስት ጣት ይጠየቅና ይጻፍ፤ ጤና ጣቢያው የሠለጠነ አንድ ነርስና አንድ የሚቈለፍ ሣጥን ይኑረው፤ የዓመቱም ግምት ከመጋዘን በወጣው ጠርሙስ ልክ መዘጋጀቱ ቀርቶ በእነዚህ ጣቶች ብዛት ተሰልቶ ወደ ቪየና ይላክ። የዘንድሮው ግምት ሲዘጋጅ ይህን ለማድረግ የሚያግድ ዓለም አቀፍ ሕግ የለም፤ የሚጠበቀው የጤና ሚኒስቴርና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አንድ ላይ ተቀምጠው፣ ማን ማዘዝ እንደሚችልና የት እንደሚቀመጥ መወሰናቸው ነው።